ከምሽቱ 4 ሰዓት ለራውተሩ ስንት ሰዓት ነው? በባሕር ዳር የአንድ ቤት ዋይፋይ መዝጊያና መክፈቻ፦ የጉዳይ ጥናት

ቤቱ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ከፊት ባለ አራት ክፍል ብሎኬት ቤት፣ ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። በዋናው ቤት ባልና ሚስት፣ አያት፣ የ12ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆኑ ሁለት ልጆች ይኖራሉ። ሰርቪሶቹን ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተዋል፤ የኢንተርኔቱንም ወርሃዊ ክፍያ ይጋራሉ። መስመሩ ፋይበር ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነጭ ሳጥን ፋይበሩን ይቀበላል፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተርም እሱው ነው። የግቢው በር ላይ አንድ የዋይፋይ ካሜራ ተተክሏል።

የተፈለገው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ዋይፋዩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይከፈት፤ ልጆቹ ይተኙ።

ሳጥኑ የመዝጊያና የመክፈቻ ሰዓት የሚሞላበት ገጽ አለው። አባትየው መዝጊያው ላይ 04:00፣ መክፈቻው ላይ 12:00 ብሎ ሞላ። የዚያን ዕለት ዋይፋዩ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ተዘጋ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተከፈተ። አንድ ሰዓት ዘግይቷል ማለት ነው። ስለዚህ 03:00 እና 11:00 ብሎ ቀየረው። በማግስቱ ልክ በ4 ሰዓት ተዘጋ፣ ልክ በ12 ሰዓት ተከፈተ። አባትየው ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፎ ሳጥኑ ጎን ለጠፈ።

ሦስት ወር ያህል፣ ከአንድ ቀን በቀር፣ እንዲሁ ሠራ። ያቺን አንድ ቀን በኋላ እናነሳታለን። ከዚያ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ፤ ሊያየው የመጣ ባለሙያ ሳጥኑን ሪሴት አድርጎ (ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሶ) እንደ አዲስ አዋቀረው። አባትየው ወረቀቱን አይቶ ያንኑ 03:00 እና 11:00 መለሰበት። ዋይፋዩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየተዘጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይከፈት ጀመር። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ ቤተሰቡ ግን ሳጥኑ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ለመግዛት ዋጋ መጠየቅ ጀመረ።

ሁለት ስህተት ተጣጥፎ

ሳጥኑ አልተበላሸም። እንዲያውም መጀመሪያ የሠራው በስህተት ነው፤ ስህተት መሥራት የጀመረው ሲስተካከል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሁላችንም ነው። ራውተር ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት ይቆጥራል። የእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ለእሱ 22:00 ነው፤ የእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ለእሱ 06:00። በሀበሻ ሰዓት አስቦ 04:00 ብሎ የጻፈ ሰው መዝጊያውን በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ገፍቶታል።

ሁለተኛው ስህተት ሳጥኑ ይዞት የመጣው ነው። የሰዓት ቀጠናው ከፋብሪካ እንደወጣ በቤይጂንግ ላይ ነበር። ቤይጂንግ ከግሪንዊች በ8 ሰዓት ትቀድማለች፣ ኢትዮጵያ በ3። ሳጥኑ እንግዲህ ከባሕር ዳር 5 ሰዓት ቀድሞ ይኖራል፤ የታዘዘውንም ሁሉ 5 ሰዓት አስቀድሞ ይፈጽማል።

6 ሰዓት ዘግይቶ 5 ሰዓት ሲቀድም የሚቀረው የ1 ሰዓት መዘግየት ነው። አባትየው ያየው ይህችን ነው፤ ቁጥሩን በአንድ ሲቀንስ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ውጤቱ ልክ ሆነ። ባለሙያው የሰዓት ቀጠናውን ወደ +3 ሲመልሰው አንዱ ስህተት ወጣ፣ ሌላው ብቻውን ቀረ። ከዚያ 03:00 በእርግጥም 03:00 ሆነ፣ ማለትም ከሌሊቱ 9 ሰዓት።

የዚህ ዓይነት ጉዳይ በልዩነቱ ይታወቃል። 22:00 ተብሎ የተሞላ ዋይፋይ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከተዘጋ ሳጥኑ በቤይጂንግ ሰዓት ነው ያለው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከተዘጋ በግሪንዊች ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ ቀጠናው ደህና ነው፤ ቁጥሩን በሀበሻ ሰዓት፣ 04:00 ብሎ፣ የሞላው ሰውየው ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከሆነም 22:00 በማለት ፈንታ 10:00 ተብሏል። የተዘጋበትን ሰዓት በትክክል መመዝገብ ከማንኛውም የምርመራ መሣሪያ ይበልጣል። ደቂቃው ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ከተዛነፈ ስህተቱ የቀጠና ወይም የአጻጻፍ ነው፤ ደቂቃውም የተዛነፈ ከሆነ ሳጥኑ ሰዓቱን ከነጭራሹ አያውቅም።

ቀጠናው በዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ተብሎ ላይገኝ ይችላል። ናይሮቢ ካለ እሱ ይመረጣል፣ ሰዓታችን አንድ ነው። አቴንስ ወይም ቡካሬስት በበጋቸው ወራት +3 ስለሚሆኑ ልክ ይመስላሉ፤ ክረምታቸው ሲገባ ግን በአንድ ሰዓት ይለያሉ። የበጋ ሰዓት ማስተካከያ የሚል ምርጫ ካለም ምልክቱ ይነሳ፤ ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀያይርም።

ያቺ አንድ ቀን

በሦስቱ ወራት መሀል አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተመለሰ። ሳጥኑ በራ፣ ዋይፋዩ ግን አልመጣም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነካው ራሱ ተከፈተ።

የቤት ራውተር፣ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለችው የሳንቲም መልክ ያላት የሰዓት ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንም ይረሳል። ሲነሳ ከአንድ የተወሰነ ቀን ይጀምራል፤ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። ከዚያ በኢንተርኔት የሰዓት ሰርቨር ጠይቆ ራሱን ያርማል። የዚያን ዕለት ግን መብራቱ ሲመጣ የፋይበሩ መስመር ገና ተቋርጦ ስለነበር የሚጠይቀው አላገኘም።

የ1970 መነሻ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው፤ በቤይጂንግ ሲቆጠር 08:00። ሳጥኑ እንደተነሳ ሰዓቱን ሲያይ 08:00 ነው፤ የተሰጠው መዝጊያ ደግሞ ከ03:00 እስከ 11:00። ስለዚህ ገና ከመነሻው ዘጋ፣ 3 ሰዓት ቆጥሮ 11:00 ሲደርስ ከፈተ። ቀጠናው ወደ +3 ሲስተካከል ይህ አደጋ አይጠፋም። በ+3 የ1970 መነሻ 03:00 ይሆናል፤ 03:00 ደግሞ የትኛውም ሰው የሚሞላው የሌሊት መዝጊያ ውስጥ ይወድቃል። ሳምንታዊ መርሐ ግብር ለሞላም፣ ያ ቀን ሐሙስ ስለነበር ሳጥኑ ዛሬን ሐሙስ ነው ብሎ ይጀምራል።

አንዳንድ ራውተሮች ትክክለኛውን ሰዓት እስኪያገኙ መርሐ ግብሩን አይተገብሩም። የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው በሙከራ ብቻ ነው፦ የኢንተርኔቱን መስመር መንቀል፣ ኃይሉን አጥፍቶ ማብራት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ዋይፋዩ መኖሩን ማየት።

መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤት መፍትሔው ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ ነው። 10,400 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ያንን የሚናገረው በባትሪዎቹ 3.7 ቮልት ነው፤ 38 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ወደ 12 ቮልት ሲያሳድግ የሚባክነውን 15 ከመቶ አድርገን ብንቀንስ 32 ይቀራል። 9 ዋት የሚበላ የፋይበር ሳጥን ብቻውን 3 ሰዓት ተኩል፣ 4 ዋት የሚበላ ሁለተኛ ራውተር ቢታከል ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል። ሰው የሚገዛው መብራት በሌለበት ኢንተርኔት ለማግኘት ነው፤ ለመርሐ ግብሩ ያለው ጥቅም ግን ሰዓቱ አለመረሳቱ ነው። ከመሰካቱ በፊት የቮልቱ ጽሑፍ ይታይ። 9 ቮልት የሚል ራውተር 12 ቮልት ቢሰጠው ሊቃጠል ይችላል፣ የመሰኪያው ቅርጽ አንድ ስለሆነ ደግሞ ማንም አይከለክለውም።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ ጥርስ ክብ ሰዓት በዚህ ቤት ታስቦ ቀርቷል። ዙሪያውን 96 ጥርስ አለው፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ሞተሩ የሚዞረው በመብራቱ ስለሆነ፣ መብራት 2 ሰዓት ከጠፋ እሱም 2 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚያርመው የለም። ሳጥኑን ከነሕይወቱ ስለሚያጠፋውም ካሜራው፣ ተከራዮቹ፣ በሳጥኑ ላይ የተሰካ የቤት ስልክ ካለም ስልኩ አብሮ ይሞታል። ለመብራት ቁጠባ ነው የሚል ካለ፣ 9 ዋት በሌሊት ለ7 ሰዓት ተኩል ቢጠፋ በወር 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ዋይፋዩ ብቻ ሲዘጋ የሚተርፈው ከዚያም ያነሰ ነው።

ለቅዳሜ አጥቢያ

ቤተሰቡ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ልጆቹ እስከ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲቆዩ ተስማምቷል። እዚህ ላይ ሌላ አለመግባባት መጣ። እኛ ዓርብ ሌሊት የምንለው እስኪነጋ ዓርብ ነው። ለራውተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ቀኑ ተቀይሮ ቅዳሜ ገብቷል። ዓርብ የሚለውን መርጦ 00:00 የሞላ ሰው የሐሙስን ሌሊት ነው የዘጋው። በዚህ ነገር የድሮው አነጋገር ይረዳል፦ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከተባለ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ላለው ጊዜ የሚመረጠው አጥቢያው፣ ቅዳሜ ነው።

በመጨረሻ የተሞሉት ሕጎች ሁለት ናቸው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ከ22:00 እስከ በማግስቱ 05:30። ቅዳሜና እሑድ ከ00:00 እስከ 05:30። መክፈቻው ከ12 ሰዓት ወደ 11 ሰዓት ተኩል የመጣው የ12ኛ ክፍሏ ተማሪ ንጋት ላይ ስለምታጠና ነው። እኩለ ሌሊትን የሚሻገር ሰዓት የማይቀበል ገጽ ሲያጋጥም ሕጉ ለሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያ እዚህም 22:00 እስከ 23:59፣ ከዚያ 00:00 እስከ 05:30 ተብሎ ተሞክሮ ነበር። በመካከል የቀረችው አንድ ደቂቃ ግን ዋይፋዩን ታነቃዋለች፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኮቹ ሁሉ ተያይዘው የቴሌግራም መልእክት ያንጫርራሉ። ገጹ 24:00 የሚቀበል ከሆነ እሱ ይጻፍ። ሌላም መታየት ያለበት አለ፦ አንዳንዱ ገጽ የሚጠይቀው የሚዘጋበትን ሰዓት፣ ሌላው የሚከፈትበትን ነው። ሳያነቡ የሞሉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ዘግተው ሌሊቱን ከፍተዋል።

ራውተሩ ላይ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሥርዓት የጫነ ሰው በክሮን፣ ትእዛዝን በሰዓቱ በሚፈጽመው ፕሮግራም፣ ይሠራዋል፦ ለመዝጊያ 0 22 * * 0-4 እና 0 0 * * 6,0፣ ለመክፈቻ 30 5 * * *። ከግራ የመጀመሪያው ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሰዓት፣ የመጨረሻው የሳምንቱ ቀን ነው፤ እሑድ 0 ነው። ሥርዓቱ ሲጫን በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚመጣው፤ ቀጠናውን ከዝርዝር መምረጥ ትቶ በእጁ የሚጽፍ ካለ ምልክቱ የተገለበጠ መሆኑን አይርሳ፣ ለእኛ የሚጻፈው +3 ሳይሆን -3 ነው።

ማን አይዘጋበት

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው እውነተኛው ችግር የታየው። ሳጥኑ ዋይፋዩን ሲዘጋ ለሁሉም ነው የሚዘጋው። የበሩ ካሜራ፣ ሌባ ይመጣል ተብሎ በሚፈራበት ሰዓት፣ ከመስመር ውጪ ነው። ተከራዮቹ የከፈሉበትን ያጣሉ። አያት ደግሞ ዋሽንግተን ያለው ልጃቸው ከሥራ ሲገባ፣ በእሱ ከምሽቱ 10 ሰዓት ላይ በፈረንጅ ቆጠራ፣ ይደውልላቸዋል። ይህ በአሜሪካ ክረምት ለባሕር ዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ዋይፋዩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። መጋቢት መጀመሪያ ገደማ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ግን ጥሪው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ዋይፋዩ ገና ተዘግቶ። ጥቅምት መጨረሻ ገደማ እንደገና ይመለሳል። ይህን ለማሳደድ በዓመት ሁለት ጊዜ መርሐ ግብር መቀየር ከንቱ ድካም ነው።

የልጆቹን ስልኮች ብቻ በማክ አድራሻ (እያንዳንዱ ዕቃ ለዋይፋዩ በሚያሳየው መለያ ቁጥር) ማገድ የሚለው ሐሳብ አንድ ሳምንት አልቆየም። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለዋይፋዩ የሚያሳዩት የፈጠሩትን አድራሻ ነው። በሴቲንግ ውስጥ የስልኩን ማክ ተጠቀም የሚለውን አንድ ጊዜ መቀየር ስልኩን ለራውተሩ አዲስ እንግዳ ያደርገዋል። የ8ኛ ክፍሉ ልጅ ይህን ያወቀው በሦስተኛው ቀን ነው። የታገዱ ዝርዝር የማይሠራው ለዚህ ነው፤ የተፈቀዱ ዝርዝር ግን ይሠራል፤ አዲስ የተፈጠረ አድራሻ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ውጪ ይቀራል።

ስለዚህ አንዱ ዋይፋይ ለሁለት ተከፈለ። መርሐ ግብር ያለው አንድ ርካሽ ራውተር ተገዝቶ በአክሰስ ፖይንት መልክ (ከሳጥኑ የመጣለትን ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ ተደርጎ) ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ፤ በ12 ሜትር ካት 5ኢ የኔትወርክ ገመድ ከሳጥኑ ጋር ተያያዘ። የሚዘጋው ይህ ብቻ ነው። ሳሎን ያለው ሳጥን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል።

አሠራሩ ላይ ሦስት ነገር ቦታ አለው። አንደኛ፣ ስሙ። የድሮው የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ለአዲሱ ራውተር ተሰጠ፤ የልጆቹ ስልኮች፣ ቴሌቪዥኑና የእንግዳ ስልክ ሁሉ ሳይነኩ ወደሚዘጋው ገቡ። ሳጥኑ አዲስ ስምና አዲስ ፓስወርድ አግኝቶ በ8 ዕቃዎች ላይ ብቻ ተሞላ፦ በወላጆቹ ሁለት ስልኮች፣ በአያት ስልክ፣ በካሜራው፣ በተከራዮቹ ሁለት ስልክና ሁለት ላፕቶፕ። ስልኮቹና ላፕቶፖቹ የራሳቸውን ማክ እንዲያሳዩ ተደርጎ ስምንቱም በተፈቀዱት ዝርዝር ገቡ። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ስም ቢይዙ ኖሮ አንዱ ሲዘጋ ስልኮቹ ወደሌላው ይዘሉ ነበር። ካሜራው 3 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ሪሴት ለማድረግ መሰላል ያስፈልጋል፤ አዲሱ ስም ለአንድ ሰዓት ከድሮው ጎን በሳጥኑ ላይ እንዲታይ ተደርጎ ካሜራው በመተግበሪያው ተዛወረ፣ ከዚያ የድሮው ስም ከሳጥኑ ተነሳ።

ሁለተኛ፣ አድራሻው። የሳጥኑ 192.168.100.1 ስለነበር ለራውተሩ 192.168.100.2 ተሰጠ፣ የራሱ ዲኤችሲፒ (ለዕቃዎቹ አድራሻ የሚያድለው) ተዘጋ፣ ገመዱ ከላን ወደ ላን፣ ማለትም ከአንዱ የቤት ውስጥ ገመድ ቀዳዳ ወደ ሌላው፣ ተሰካ። ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት መውጫ በር፣ በሚለው ቦታ 192.168.100.1 መሞላት አለበት። ብዙ ሰው ይህን ይተወዋል፤ ስልኮቹ ኢንተርኔት ስለሚያገኙ ምንም የጎደለ አይመስልም፣ ራውተሩ ራሱ ግን የሰዓት ሰርቨሩ ጋር መውጫ አጥቶ በ1970 ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ቻናሉ፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚያሰራጭበት የሬዲዮ መስመር። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳጥኑ 1፣ ራውተሩ 6፣ ሁለቱም በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት። በ5 ጊጋኸርዝ ራውተሩ 36 ላይ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ራዳርም የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ራውተሩ ከመክፈቱ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፤ መክፈቻው ሲደርስ ዋይፋዩ ዘገየ የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ቀዳዳዎቹ

በአያት ስልክ ላይ የማያ ቁልፍ አልነበረም። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ የዋይፋዩን ፓስወርድ በኪውአር ኮድ ያሳያል፤ ሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳት ብቻ ይበቃዋል። ፓስወርዱ በአምስተኛው ቀን ወጣ፤ ልጁን ውጪ ያስቀረው የተፈቀዱ ዝርዝር ነው። ከዚያ ወዲህ የአያት ስልክ በጣት አሻራ ይከፈታል።

ራውተሩ ጀርባ ላይ ያለው የዋይፋይ ቁልፍ ሲጫኑት መርሐ ግብሩን አልፎ ይከፍታል። የሪሴት ቀዳዳው ደግሞ ሁሉንም ያጠፋል። ራውተሩ ከፍ ብሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጣ፣ ከታች የተለጠፈው የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ተቀየረ፣ ትርፍ የላን ቀዳዳዎቹም ቴፕ ተለጠፈባቸው፤ ዋይፋዩ ሲዘጋ በገመድ ያለው ኢንተርኔት አይዘጋምና። የተሞላው ሁሉ በፋይል ተቀምጧል፣ ሪሴት ቢደረግ በ2 ደቂቃ ይመለሳል።

ያልተጠበቀው ወጪ ነው። በመጀመሪያው ምሽት በ4 ሰዓት ዋይፋዩ ሲዘጋ የ12ኛ ክፍሏ ተማሪ ስልክ ቪዲዮውን ሳያቋርጥ ወደ ሞባይል ዳታ ዞረ፣ የሳምንት ፓኬጅ እስከ ጠዋት አለቀ። ዋይፋይ የሚዘጋ ቤት በየስልኩ ላይ የዳታ ገደብ ማድረግ አለበት። በተቃራኒው የመተግበሪያ ማሻሻያዎች ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ በዋይፋይ፣ ማንም ሳይነካው መውረድ ስለሚመርጡ ሌሊቱ ሲዘጋባቸው ይጠራቀማሉ። የልጆቹ ስልኮች እሑድ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ቻርጅ ላይ እየተቀመጡ እንዲያወርዱ ተደርጓል።

የመጨረሻው ሙከራ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተካሄደ። መዝጊያው ከአሁኑ ሰዓት 5 ደቂቃ በኋላ እንዲሆን ተሞልቶ ታየ፣ ኃይል ለ2 ደቂቃ ተነቅሎ ተመለሰ፣ የፋይበሩ መስመር ተነቅሎ ራውተሩ ሰዓት ሳያውቅ ተነሳ፤ በዚህ ጊዜ ዋይፋዩ ክፍት ሆኖ ቆየ፣ የሚፈለገውም ይህ ነበር። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ልክ በ6 ሰዓት ተዘጋ። ሳጥኑ ጎን የነበረው ወረቀት ተነስቶ በምትኩ ሌላ ተለጥፏል፤ በላዩ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፣ አንዱ በሀበሻ ሰዓት፣ ሌላው በራውተሩ፣ ከታች ደግሞ ቀጠናው +3 መሆኑ።